የቡጢዬ ክብደት

ሬዲዮኑ ስለ ቡጢ ውድድር ባወራ ቁጥር የልጅ ልጆቼ ይጣላሉ። አንደኛው የድሮ ቡጢኞች ይበልጡ ነበር ባይ ነው፤ «ያኔ አንዴ ከሰነዘሩ በሬ ይጥሉ ነበር» ይላል። ሌላኛው የዛሬዎቹን ያስበልጣል። ሁለቱም የድሮዎቹን አላዩም፣ የዛሬዎቹንም አላዩም፤ ያላቸው ሬዲዮን ብቻ ነው። ተከራክረው ሲደክማቸው ወደ እኔ ይዞራሉ።

«አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ያንን ጣሊያን በስንት ቡጢ ነበር የጣሉት?»

እኔ ጣሊያን መትቼ አላውቅም። እንዲህ ስላቸው ይስቃሉ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ ያኔ ያልተወለደው ጭምር፣ አንድ ግዙፍ ጣሊያን በአንድ ቡጢ መዘረሬን ያውቃል። የት ላይ እንደመታሁት ይነግረኛል። ስንት ጥርስ እንደረገፈ ይነግረኛል። አንዱማ ጥርሱን ከመሬት የለቀመው አጎቱ መሆኑን በማርያም ምሎ ነገረኝ። እኔ በዕድሜዬ በቡጢ የጣልኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጓደኛዬ ነበር፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ያ ቡጢ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ እኔን ያህል ለማወቅ የፈለገ ሰው የለም፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

የቡጢን ክብደት በወሬ የሚመዝን ሰው ያናድደኛል። እህል በቁና ይሰፈራል፣ ሸማ በክንድ ይለካል። ቡጢ ግን ወዲያው የሚጠፋ ነገር ነው፤ የሚቀረው የወደቀው ሰው ነው። ሰው ደግሞ በብዙ ነገር ይወድቃል። በረሃብ ይወድቃል፣ በድካም ይወድቃል፣ ጠላ ጠጥቶ ማንም ሳይነካው ይወድቃል። ታዲያ የወደቀውን አይቶ የመታውን መመዘን ምን የሚሉት ፍርድ ነው? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ የእኛ ሰው የሚጨምረው ሌላ ወሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ እኔ ሃያ ዓመት አልፎኝ፣ ደብረ ማርቆስ ዳር ጣሊያኖቹ ለሚሠሩት ግንብ ድንጋይ እጠርብ ነበር። ዱር የገቡት አርበኞች ቢያዩን እንደማያመሰግኑን እናውቃለን። ግን እርሻችን ተቃጥሎ ነበር፤ ሆድ ደግሞ አርበኛና ባንዳ አይልም። ጓደኛዬ ድንጋይ ተሸካሚ ነበር። ቤታችን ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ በኩል፣ አንድ መንደር ውስጥ ነው። ሰኞ ማለዳ አብረን እንመጣለን፤ ሰንበትን አብረን እንመለሳለን። የአንድ ጽዋ ማኅበርተኞችም ነበርን፤ በየወሩ በየተራ ቤታችን ተሰብስበን ዳቦ እንቆርሳለን፣ ጠላ እንጠጣለን። እሱ ረጅም ነው፣ ቀጭን፣ ሣቅ የሚቀድመው። ጠብ አይወድም። ለእናቱ ያለ እሱ ልጅ አልነበራትም፤ ባሏንም ቀደም ብላ ቀብራለች። እናቱ እኔንም «ልጄ» ነበር የምትለኝ።

አሠሪያችን ጣሊያን አፍንጫው የተዳጠ፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተጣበቀ ሰው ነበር። በአገሩ ቡጢኛ እንደነበረ አስተርጓሚው ነግሮናል። ሁለት ጥንድ ትልልቅ የቆዳ ጓንት ነበረው፤ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላሉ። እሑድ እሑድ ወታደሮቹን እርስ በርስ ያጋጥም ነበር፤ እኛ ሰንበትን አገራችን ስለምንሄድ አይተን አናውቅም። አንድ ሐሙስ ግን፣ የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ፣ ከሠራተኞቹ መካከል ሁለት ሰው እንደሚያጋጥም አስነገረ። አሰልፎን ደረታችንንና ክንዳችንን እየነካካ፣ የገበያ በሬ እንደሚመርጥ ሰው እየዞረ መረጠ። እኔን በክንዴ መረጠኝ፤ ድንጋይ ሲጠርብ የዋለ ክንድ ምን ጊዜም ያታልላል። ጓደኛዬን በቁመቱ መረጠው። ላሸነፈ አንድ ግራጫ የወታደር ብርድ ልብስ ይሰጣል ተባለ። በነጋታው ቀትር ላይ ነው አለ አስተርጓሚው፤ እምቢ ማለትም አይቻልም።

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ ጓደኛዬ ይስቅ ነበር።

«ብርድ ልብሱን አንተ ብትወስደው ለእኔ እናት ትሰጣለህ፤ እኔ ብወስደው ለአንተ አልሰጥህም» አለኝ።

«ከወደቅህ እኮ ነው የምወስደው።»

«ቀስ ብለን እንመታታ! እዚህ ድንጋይ ስሸከም የማልወድቅ ሰውዬ በአንተ ጡጫ ልወድቅ?»

ቀስ ብለን እንድንመታታ ተስማማን። እጅ ተመታትተን፣ በሚካኤል ተባብለን ተስማማን። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

በነጋታው ዓርብ ነበር። ከምሽት ጀምሮ ውሃ እንኳ ባፋችን አልዞረም። አሠሪው የሥጋ ቆርቆሮ ከፍቶ ብሉ ቢለን ፊታችንን አዞርን፤ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ራሱ በላው። አራት ካስማ ተተክሎ ገመድ ተዘርግቷል። ሠራተኛው፣ ባንዳው፣ ወታደሩ ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል። ጓንቱን ሲያጠልቁልኝ የተሰማኝን አልረሳም፤ እጄ ከእኔ ተለይታ የሄደች መሰለኝ። ድንጋይ ስጠርብ መዶሻው ምን ያህል እንደመታ ክንዴ ይነግረኛል፤ ጠንካራውንና ለስላሳውን ድንጋይ ሳላየው በእጄ ነው የማውቀው። እዚያ ጓንት ውስጥ ግን ምንም አይሰማም። ብትመታም የሚሰማህ የራስህ ላብ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንደ ተስማማነው ነበር። እሱ ትከሻዬን ዳሰስ ያደርጋል፤ እኔ ክንዱን ዳሰስ አደርጋለሁ። ሕዝቡ ሳቀ። አሠሪው ተቆጣ። አስተርጓሚው «ምቱ ይላችኋል፤ ካልመታችሁ አለንጋ ይመታችኋል» አለን። ጓደኛዬ ያኔ ሰነዘረ። ለይስሙላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ርቀቱን ግን ስቶ አፍንጫዬን አገኘው። ደሜ ወረደ። አንዱ ባንዳ «ድንጋይ ጠራቢው ተጠረበ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም አሽካካ። እዚህ ላይ እውነቱን እናገራለሁ፤ ተናደድኩ። በጓደኛዬ አይደለም የተናደድኩት። በሣቁ፣ በረሃቡ፣ በገመዱ፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥጋ ተናደድኩ። ፊት ለፊቴ የነበረው ግን እሱ ነበር። ሰነዘርኩ፤ ከጆሮው በታች አገኘሁት።

መጀመሪያ በጉልበቱ ወረደ፤ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ። ሕዝቡ ጮኸ። አሠሪው ወደ መሃል ገብቶ አንድ ጣቱን አንሥቶ ጮኸ፤ ሌላ ጣት ጨምሮ ደግሞ ጮኸ። የሚሳደብ መሰለኝ። እኔ ለስድቡ ጊዜ አልነበረኝም። በእኛ አገር በትግልም ሆነ በገና ጨዋታ የወደቀውን የሚያነሣው የጣለው ሰው ነው። እጁን ይሰጠዋል፣ አቧራውን ያራግፍለታል፣ አይዞህ ይለዋል። ሳያነሣ ቆሞ ያየ እንደሆነ የሚሰደበው እሱ ሳይሆን ያሳደገው ነው። ሮጥኩና ሁለት ብብቱ ሥር ገብቼ አነሣሁት።

«ተወኝ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ተቀይሞ መሰለኝ። ቃላችንን ስላፈረስኩ፣ የገዛ ጓደኛው ስለመታው። «አይዞህ፣ አይዞህ» እያልኩ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። አሠሪው ጣቶቹን አጠፈ። አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ እሱ አየና ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ በእጁ አየሩን ቆረጠ። «አቫንቲ!» አለ።

«ቀጥሉ ይላችኋል» አለ አስተርጓሚው።

ጓደኛዬ እጁን ለማንሣት ሞከረ፤ ጓንቱ ከበደው። እኔ ቆምኩ። አሠሪው ጮኸ፤ አለንጋ የያዘው ባንዳ ገመዱን አልፎ ገባ። ያኔ ሁለተኛውን ሰነዘርኩ። ቀስ አድርጌ ነበር። ቀስ አድርጌ ነው የመታሁት ብዬ ሠላሳ ዓመት ምያለሁ፤ ግን እጄ ጓንት ውስጥ ነበረች፤ በምን አውቃለሁ? ያየው ሁሉ ደግሞ የከበደው ሁለተኛው ነው ይላል። እንደ ተገነደሰ ባሕር ዛፍ በጀርባው ወደቀ። እንደገና ላነሣው ስጎነበስ አሠሪው ገፍትሮ አስወጣኝና እጄን ወደ ላይ ከፍ አደረገ። ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝ።

ወዲያው ነቃ። ውሃ አፈሰሱበት፤ ተቀመጠ፤ ሣቅም አለ። በማግስቱ ብርድ ልብሱን አልብሼው ወደ አገራችን ሄድን። መንገድ ላይ ራሴን ያመኛል ይል ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ወጌሻ መጥቶ ራሱንና መንጋጋውን ዳሰሰና «አጥንት አልተሰበረም፤ እኔ የማውቀው አጥንት ነው» ብሎ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። በዚያ ሰሞን መንደራችን ተስቦ ገብቶ ነበር፤ ከእሱ ቤት ሦስተኛው ቤት ሁለት ሰው ሞቷል። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በዚያው ብርድ ልብስ ሥር ሞተ። ተስቦው ይሁን ቡጢው የሚያውቅ የለም።

ለቅሶው ላይ የአባቱ ወገኖች ዓይናቸውን ጣሉብኝ። ደም ነው የሚሉ ነበሩ። እናቱ ተነሥታ «የልጄ ደም በልጄ ጓደኛ አይመለስም» አለቻቸውና ዝም አሉ። እኔን ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ። አላለቀሰችም። ብርድ ልብሱ ታጥፎ አጠገቧ ነበር።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለችኝ። «ልጄን የመታኸው እንደ ጓደኛ ነው እንደ ጠላት?»

«እናቴ፣ አስገድደውን ነው እኮ…»

«መገደዳችሁን አውቃለሁ። እሱን አልጠየቅሁህም። ምን ያህል መታኸው? እሱን ንገረኝ።»

«አላውቅም» አልኳት።

«እንግዲያው እስክታውቅ ከእኔ ቤት ጽዋ አትጠጣም።»

«ልጄ» አላለችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበሩ ውስጥ የልጇን ቦታ እሷ ያዘች። ተራው እሷ ቤት በደረሰ ቁጥር ማኅበርተኛው ሁሉ ይገባል፤ እኔ ደጅ እቀመጣለሁ። ዝናብ ቢሆን ዝናብ፣ ፀሐይ ቢሆን ፀሐይ። ዳቦውን የሚያወጣልኝ አልነበረም።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ዲማ ገዳም የተማሩ፣ ነገር ሳይመረምሩ የማይቆርጡ ሽማግሌ ነበሩ። ከራስ እስከ እግሩ ነገርኳቸው።

«ገድለህ እንደሆነ ንስሐው አንድ ነው፤ ተናደህ መትተህ እሱ በተስቦ ሞቶ እንደሆነ ሌላ ነው» አሉኝ። «ልኩን ሳላውቅ ቀሚስ ልቅደድልህ? በብርቱ ነው የመታኸው?»

«አላወቅሁትም አባቴ። እርስዎ ይፍረዱት።»

«አንተ ካላወቅህ ማን ይወቀው?»

ይኸን ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል፤ እኔ የምጠይቀው አጣሁ። ጆንያ ገለባ ሞልቼ ጎተራው ምሰሶ ላይ አንጠልጥዬ መታሁት። ጆንያው ተወዛወዘ፤ ምን ይበለኝ? ጭቃ ግድግዳ መታሁ፤ ቆዳዬ ተላጠ። ጨርቅ እጄ ላይ ጠቅልዬ የገዛ ጭኔን መታሁ፤ አንዴ ያመኛል፣ አንዴ አያመኝም። የተናደደ ሰው ቡጢና ለመለካት የተቀመጠ ሰው ቡጢ አንድ አይደለም። ያን ቀን የነበረውን ንዴት ከየት አምጥቼ ልምታ? ጎረቤት «አብዷል» አለ፤ አልፈርድበትም።

ያዩትን ሰዎች ጠየቅሁ። ይህ ደግሞ ከጆንያው የባሰ ነበር። ድንጋይ ተሸካሚዎቹ ጀግና ሊያደርጉኝ ፈልገው «አቤት! ድምፁ እስከ ገበያ ተሰማ» አሉኝ። ለእኔ የሚያዝኑት «ኧረ አንተ ነካ ነው ያደረግኸው፤ እሱ ጾም አድክሞት ነው» አሉኝ። አንዱ በግራ እጄ ነው ይላል፣ አንዱ በቀኝ። አንዱ አሥር ጊዜ መታኸው አለኝ። ከዚያ መሃል አንድም ሰው «በደንብ አላየሁም» ያለኝ የለም። ገመዱ ጋ ቆሞ ጀርባ ብቻ ያየ ሰው እንኳ መስካሪ ሆኗል። አሠሪውንም በአስተርጓሚው አስጠየቅሁት። ክንዴን ጨበጥ አድርጎ አንድ ነገር አለ። «ጥሩ ክንድ ነው፤ ሥራህን ሥራ ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው። እሱም ይኼው ነው።

ጣሊያን ወጣ። አርበኞቹ ገቡ፤ ወሬውም አብሮ ተገለበጠ። ለጣሊያን ድንጋይ ስጠርብ የነበርኩት ሰው በአንድ ክረምት ጣሊያን የጣልኩ ጀግና ሆንኩ። መጀመሪያ «ጣሊያን ፊት ሰው ጣለ» ነበር ወሬው። ከዚያ «ፊት» የምትለዋ ጠፋች፤ «ጣሊያን ጣለ» ሆነ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ጠላ ቤት ስገባ ይነሡልኛል። «እስቲ ያችን እጅ!» እያሉ ይስሟታል። የጣልኩት ጓደኛዬን ነው ብዬ ስጮኽ «ይህንም የሚያስብለው ትሕትናው ነው» ይላሉ። ጓደኛዬን ሁለተኛ ገደሉት፤ የሞተበትን ቦታ እንኳ ለሌላ ሰው ሰጡበት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ዘንድ የተወጋው አፈር ሆነ፤ የወጋው ልርሳ ቢል አይችል፤ ሌላው ግን ያልሆነውን ያስታውሳል። እናቱ ይህን ወሬ ገበያ ላይ ስትሰማ ምን ይሰማት ይሆን እያልኩ እቃጠል ነበር።

አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ አስተርጓሚውን አየሁት። ጣሊያኖቹ ሲወጡ ጥለውለት የሄዱት ነገር ቢኖር ቋንቋውን ነው፤ አሁን አንድ እስላም ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ይዞ ቡትቶ ይጠግናል። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ሊደበድበኝ መጣ ብሎ መሰለኝ። ስለ ቡጢዬ እሱም ወሬውን ሰምቷል።

«አትፍራ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው» አልኩት። «አንተ ቅርብ ነበርህ። ያን ቀን ጓደኛዬን ምን ያህል ነው የመታሁት?»

መርፌውን አቁሞ አሰበ።

«እውነቱን ልንገርህ? የመጀመሪያው ምንም አይደለም። ወታደሮቹ ሲመታቱ ከዚያ የባሰ አይቻለሁ፤ ወዲያው ይነሣሉ። እንዲያውም ጓደኛህ ብልጥ ነው ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ተኛ። እስከ አሥር ቢተኛ አብቅቶ ነበር።»

«ምን እስከ አሥር?»

«ሲቆጥር አላየህም? በጣቱ? ሰው ሲወድቅ አሥር ይቆጠርለታል። አሥር ድረስ ካልተነሣ አለቀ፤ ማንም አይነካውም፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከተነሣ ግን መዋጋት እችላለሁ ማለቱ ነው። ስድስት ላይ ሲደርስ ነው አንተ ያነሣኸው። አሠሪው ራሱ ገርሞት ‘ይኼ ሰውዬ ጓደኛውን ገና ሊመታው ፈልጓል’ ብሎ ሳቀ።»

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። 

«ለምን አልነገርኸንም?»

«ምቱ ሲል ምቱ አልኳችሁ፤ ቀጥሉ ሲል ቀጥሉ አልኳችሁ። ቆጠራውን ተርጉም አላለኝም። ደግሞ… የምታውቁ መስሎኝ ነበር። እሱ የተኛው አውቆ መስሎኝ ነበር።»

«ተወኝ» ብሎኝ ነበር እኮ። ያን ቃል ስንት ጊዜ ገልብጬ አይቼው ነበር! ተቀይሞኝ ነው፣ አሞት ነው፣ አፍሮ ነው እያልኩ። ሰውዬው መሬት ላይ ተጋድሞ በሰላም ሊቀርልኝ ነበር። እኔ ነኝ ጨዋ ልሁን ብዬ፣ አሳዳጊዬን ላላሰድብ ብዬ፣ ብብቱ ሥር ገብቼ ወደ ቡጢው የመለስኩት። ስንት ዓመት ሙሉ የቀኝ እጄን ስመዝን፣ ጆንያ ስመታ፣ ጭኔን ስመታ፣ ያነሡትን ሁለት እጆች አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኳቸውም። አስተርጓሚውን ልመታው ፈለግሁ። መርፌውን ይዞ ያየኝ ነበር። ተነሥቼ ሄድኩ።

ቀጥታ ወደ እናቱ ነው የሄድኩት። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ደጅ ላይ ሽንብራ ትለቅማለች። ተቀመጥ አላለችኝም፤ ቆሜ ነገርኳት። መናደዴን ነገርኳት። ከጆሮው በታች እንደመታሁት ነገርኳት። ሲወድቅ አሥር እንደሚቆጠርለት፣ ስድስት ላይ እኔ እንዳነሣሁት፣ «ተወኝ» እንዳለኝ፣ ቀጥ አድርጌ አቁሜ እንደገና እንደመታሁት ነገርኳት። 

«ምን ያህል እንደመታሁት ዛሬም አላውቅም። የማውቀው ማንሣቴን ነው» አልኳት።

ሽንብራውን መልቀም አላቆመችም። ጠጠር አገኘች፤ ወረወረችው። 

«ወድቆ ባየው እኔም አነሣው ነበር፣ ልጄ።»

ከዚያ ቀና ብላ ሳታየኝ በሚመጣው ወር ማኅበሩ እሷ ቤት እንደሆነ ነገረችኝ። እንድገባ ነው። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነበር፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ብትጮኽብኝ፣ ጠጠሩን በእኔ ላይ ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። እሷም ታነሣው ነበር፤ እናቴም ታነሣው ነበር፤ አገሩ ሁሉ ያነሣው ነበር። ታዲያ በማን ልናደድ?

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር። ከፊቴ አንድ ጨው የተሸከመ ጎልማሳ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። አዳለጠው፤ እግሬ ሥር በጎኑ ተዘረጋ፤ ጨውም ተንከባለለ። አጠገቡ ደረስኩ። እጄን ለመዘርጋት አሰብኩ፤ እጄ ግን አልተዘረጋችም፤ ከጎኔ ተንጠልጥላ ቀረች። ሰውዬው ጭቃው ውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ። ጠበቀኝ። ከዚያ በክንዱ ተደግፎ፣ እየተንገዳገደ ራሱ ተነሣ።

«ምነው ወንድሜ፣ እጅ የለህም?» አለኝ።

እኔ ስቆጥር ስድስት ላይ ደርሼ ነበር።